የፕሮሰሰር ፍጥነትና የመረጋጋት ወሰን

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ ላይ የቀረበ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርዕስ ሲሰሙት የወጣቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚባለው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን የሚያደርጉት ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለቪዲዮ ቅንብርና ቀናት ለሚፈጅ የስሌት ሥራም ጭምር ነው። አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ሳይቻል ሲቀር ያለውን ማፍጠን ያጓጓል፤ እኔም አልነቅፈውም። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያፈጠንነው ኮምፒውተር የሚሰጠንን መልስ ማመን የምንችለው መቼ ነው?

አስቀድሜ ወሰኑ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ፕሮሰሰር የሚሠራው በሰዓት ምት ነው። በ4 ጊጋኸርዝ አንዱ ምት 250 ፒኮሰከንድ ይፈጃል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 200 ብቻ። በዚህች ቅጽበት ምልክቱ በተደረደሩ ትራንዚስተሮች አልፎ፣ ቀጣዩ ምት ሳይመታ ከመድረሻው መገኘት አለበት። ካልደረሰ ፕሮሰሰሩ ያልተጠናቀቀ ውጤት ይመዘግባል፤ 1 መሆን የነበረበት 0 ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ይፈጥናሉ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ልክ ያድጋል። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብንጨምር ኃይሉ በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ያም ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የዘገየው ምልክት የወደቀበት ቦታ የስሕተቱን መልክ ይወስናል። ስሕተቱ በአድራሻ ወይም በትእዛዝ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። በሚሰላው ቁጥር ላይ ከሆነ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ሥራው ይቀጥላል፣ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው። ስለዚህ የሚቆም ኮምፒውተር ከሚዋሽ ኮምፒውተር ይሻላል እላለሁ።

ለዚህ የታወቀ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንቴል ባለ 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰርን ለገበያ አቀረበ። ፍጥነቱን የወሰነው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ ኦቨርክሎክ ያደረገው ሰው አልነበረም። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ብዙ ፕሮግራሞችንም ያስኬዳል። ሆኖም ቶምስ ሃርድዌርን ጨምሮ ገለልተኛ ገምጋሚዎች የሊኑክስን ከርነል ኮምፓይል እንዲያደርግ ሲያዝዙት ሥራውን በአስተማማኝነት መፈጸም አቃተው። ኢንቴልም ፕሮሰሰሩን ባወጣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ መልሶ ሰበሰበው። ወሰኑን የገለጠው ከባድና ውጤቱ ሊረጋገጥ የሚችል ሥራ እንጂ የኮምፒውተሩ መነሣት አልነበረም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በአምራቹ ፍጥነት ላይ እንዳለ ለሰዓታት እንፈትነው፤ ሙቀቱንና ቮልቴጁንም እንመዝግብ። እዚያው ከወደቀ ችግሩ ከኦቨርክሎክ የመጣ አይደለም። ቀጥሎ የሜሞሪውን ፍጥነት በመደበኛው ላይ ትተን፣ በባዮስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ማባዣ ብቻ በ100 ሜጋኸርዝ እርምጃ ከፍ እያደረግን በየደረጃው እንፈትን። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ነገር አንድ ብቻ ይሁን። ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁንና ሜሞሪውን ባንድነት የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ውድቀቱ ሲመጣ ምልክቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ ፍጥነቱ በራሱ ከቀነሰ፣ ወሰኑ የማቀዝቀዣው ነው፤ እዚህ ላይ ቮልቴጅ መጨመር ችግሩን ያብሳል። ሙቀቱ ዝቅተኛ ሆኖ ስሌቱ ከተሳሳተ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ለዚያ ፍጥነት ያልበቃ ቮልቴጅ ነው። ትንንሽ ስሌቶችን አልፎ ሜሞሪውን በሚያጨናንቅ ፈተና ብቻ ከወደቀ፣ ሜሞሪውንና መቆጣጠሪያውን እንመርምር። ሰማያዊ ስክሪን እንኳ ሳይታይ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ይታይ። በባዮስ የጻፍነው ቮልቴጅም በሥራ ጫና ጊዜ ከሚደርሰው ሊለይ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ይወርዳልና። የሚለካው በጫና ላይ ሳለ ነው።

የፈተናው ዓይነትም ይመረጥ። ፕራይም 95 የሚባለው ፕሮግራም የተፈጠረው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው። ለፈተና የተመረጠበት ምክንያት ፕሮሰሰሩን ከማሞቁ በላይ፣ ያገኘውን ውጤት አስቀድሞ ከሚታወቅ መልስ ጋር ማመሳከሩ ነው። እኔ ሌላም ፈተና እጨምራለሁ፤ የራሳችሁን ሥራ በመደበኛው ፍጥነትና በተጨመረው ፍጥነት ሠርታችሁ ውጤቶቹን አስተያዩ። አንድ ዓይነት መልስ መስጠት የሚገባው ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ መልሶች ከሰጠ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ ወሰኑ ታልፏል።

የሌላ ሰውን ቁጥር መገልበጥ የማይበጅባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ ወሰናቸው እኩል አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ቅዝቃዜ ጥቂቱን ቢክስም፣ ፈተናው በሌሊት ሳይሆን ቀትር ላይ፣ ሥራው በሚሠራበት ክፍል ይደረግ።

ወሰኑ በተገኘ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። አቧራ ይከማቻል፣ የሙቀት ቅባቱ ይደርቃል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት የሚሠሩ ትራንዚስተሮችም ቶሎ ያረጃሉ። ዛሬ ያለፈ ፈተና ለከርሞ ዋስትና አይሆንም።

በመጨረሻ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ለጨዋታ ወይም ለመማር የምትጠቀሙበትን ኮምፒውተር እንደ አቅሙ ፈትኑት፤ ስለ ፕሮሰሰር ጠባይ ብዙ ታውቁበታላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ቁጥር የሚሰላበት፣ የድልድይ ጭነት ወይም የሕሙማን መረጃ የሚተነተንበት ማሽን ግን በአምራቹ ፍጥነት ይሥራ። በዚያ የምናተርፈው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ልናጣ የምንችለው ግን የሌሎችን እምነት ነው። የተሳሳተው ቁጥር ከታተመ በኋላ ደግሞ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አይገኝም።