ከወታደሩ አንጀት የተገኘችው ባክቴሪያ



በ1917 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ፣ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ወታደር ዓይነ ምድር አንዲት ኢ. ኮላይ ለየ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ፊኒልአላኒንን የሚሰብር ኢንዛይም የምትሠራበትን ጂን አስገቡባት። ያሰቡት ፊኒልኬቶኑሪያ ይዟቸው የተወለዱትን፣ ሥጋና እንቁላል ዕድሜ ልካቸውን የሚከለከሉትን ሰዎች ለመርዳት ነበር። በአንጀት ውስጥ እንዳትራባም ለሕዋስ ግድግዳዋ የግድ የሚያስፈልጋትን ንጥረ ነገር የምትሠራበትን ጂን ነቀሉባት፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ይህ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም የሦስተኛው ምዕራፍ ሙከራ ግቡን የሚመታ ስላልመሰለ በ2024 ተቋረጠ።

ይህን የዘርፉ ውድቀት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ቀደም ባሉት ሙከራዎች ባክቴሪያዋ በሰው አንጀት ውስጥ ሥራዋን ስትሠራ ታይታለችና። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ የማትራባ ባክቴሪያ በቂ ሥራ ትሠራለች ወይ? እንድትራባ ብንፈቅድላትስ ማን ይመልሳታል?