በትንሽ የጥናት ቤት መሥራት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም እንደ መሆናችን መጠን፥ ዘመድም ሆነ ጎረቤት ባገኘን ቁጥር የሚያቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም «ከዚህ ወጥታችሁ የት ልትገቡ ነው?» የሚል ነው። መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል። አንዱ ባንክ ይላል፤ አንዱ ሚኒስቴር ይላል፤ አንዱ ከውጭ የመጣ የርዳታ ድርጅት ይላል፤ ሌላውም ባሕር ማዶ ይላል። ማኅበራችን በሰጠን በዚህ አጭር ጊዜ ልንናገርበት የመረጥነው ግን ብዙ ሰው ከቁጥር የማያስገባውን አምስተኛውን በር ነው። ይህም አሥር ወይም ሃያ ሰው ተሰብስቦ የአገርን ኤኮኖሚ የሚመረምርበት፥ የመረመረውንም ለመንግሥትና ለሕዝብ የሚያቀርብበት ትንሽ የጥናት ድርጅት ነው።

በመጀመሪያ «ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መንግሥት የራሱ አጥኚዎች እንዳሉት አይካድም፤ ሊኖሩትም ይገባል። ነገር ግን ግብር የሚጥለውና ያ ግብር ማንን እንደ ጎዳ የሚመሰክረው አንድ አካል ብቻ ከሆነ፥ ባለጉዳዩ ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፥ ቁጥሩን በጸጥታ ቆጥሮ የሚናገር ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ የኤኮኖሚ ምርምር ብሔራዊ ቢሮ የሚባለው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1920 ሲቋቋም መነሻ የሆኑት ሁለት ሰዎች በአሳብ ፈጽሞ የማይስማሙ ነበሩ። አንደኛው ማልከም ሮርቲ የስልክ ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር፤ ሁለተኛው ናሁም ስቶን ደግሞ የካርል ማርክስን ጽሑፍ የተረጎመ ሶሻሊስት ነበር። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የአገሪቱ ገቢ ምን ያህል እንደ ሆነና በማን በማን እጅ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ፥ ክርክራቸው ሁሉ በጨለማ የሚደረግ መሆኑን ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ሥራ እውነቱን ፈልጎ ማቅረብ ብቻ እንዲሆን፥ «መንግሥት እንዲህ ያድርግ» ብሎ ምክር እንዳይሰጥ ደንብ አወጡ። የመጀመሪያውንም ጥናት ሲያካሂዱ የአገሪቱን ገቢ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ፥ አንዱን ከምርት በኩል ሌላውን ከሰዎች ገቢ በኩል ለየብቻ አስቆጥረው፥ ኋላ ሁለቱን አስተያዩ። ሂሳቡም ተቀራርቦ ተገኘ። ሁለት ተቃራኒ ሰዎች በአንድ ቁጥር ላይ ሊስማሙ መቻላቸው፥ ለአንድ አገር ፖለቲካ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው መገመት አያስቸግርም።

በለንደን ያለው የፊስካል ጥናት ኢንስቲትዩት ደግሞ በ1969 ሲመሠረት መነሻው በገንዘብ ሥራ ላይ ያሉ ጥቂት ወዳጆች በ1965ቱ የግብር ሕግ ላይ የነበራቸው ቅሬታ ነበር። ሕጉ በደንብ ሳይጠና ወጣ ብለው አዘኑ፤ ዳሩ ግን ቅሬታቸውን በአቤቱታ ከመጨረስ ይልቅ ግብርን የሚያጠና ቤት ሠሩ። ዛሬ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር በጀቱን ባቀረበ ማግሥት የዚያ ቤት ሰዎች ሂሳቡን ፈትተው «ድኻው ይህን ያህል ያጣል፤ ባለጸጋው ይህን ያህል ያገኛል» ብለው ለሕዝብ ያስረዳሉ። ሚኒስትሩም ተቃዋሚውም ይህን ቃል ችላ ሊለው አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ነበሩ። የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ በዓይናቸው ስለ ተመለከቱ፥ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እንደሚለውጥ በመጽሐፍ ገለጹ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አብሯቸው የሚቆጥር፥ የሚጠይቃቸው፥ የሚያርማቸውና ሥራቸውን የሚቀጥል ቤት አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን፥ ሲሞት ሥራው አብሮ ይቆማል። የድርጅት ጥቅም ከዚህ ላይ ይታወቃል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ ኤኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ መጽሔት ማሳተምና ዓመታዊ ጉባኤ ማድረግ ጀመረ፤ ኋላም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2000 የራሱን የፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት አቋቋመ። የማኅበራዊ ጥናት መድረክም በ1998 ተመሥርቶ በድኽነትና በመሬት ጉዳይ ላይ ሕዝባዊ ውይይት ሲያደርግና ሲያሳትም ቆይቷል። በሩ አለ ማለት ነው፤ የሚቀረው የሚገባበት ሰው ነው።

አሁን በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የዕለት ሥራው ምን እንደሚመስል እንናገር። ብዙዎቻችን የምናስበው በመጽሐፍ የተማርነውን የሂሳብ ቀመር በሰሌዳ ላይ እየጻፍን የምንውል አድርገን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው የተሰበሰበውን ቁጥር በመመርመር ነው። አንዱ ገበሬ ሁለት ጥማድ መሬት ብሎ የተናገረውን ሌላው በሄክታር ጽፎት ይገኛል፤ አንዱ የእህሉን ዋጋ በኩንታል ሌላው በቁና ሞልቶታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደሚባለው፥ ይህን ሳያጣራ ወደ ሂሳብ የገባ ሰው ያማረ ሠንጠረዥ ይሠራል እንጂ እውነት አይሠራም።

ከዚህም በላይ መሠረቱ ራሱ አርጅቷል። አገራችን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ነው። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወሰነ። እንግዲህ ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ ውሃ ወይም ስለ ሥራ አጥ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ የሚቆመው በግምት በተቀጠለ ቁጥር ላይ ነው። አጥኚው ይህን ለአንባቢው በግልጽ የመንገር ግዴታ አለበት።

በትልቅ መሥሪያ ቤት ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው የሥራው አንድ ቅንጣት ነው። በትንሽ ቤት ግን ጥያቄውን ከሚያረቁት ጋር ትቀመጣላችሁ፤ መጠይቁን ይዛችሁ እህል በረንዳ ወይም ገጠር ትወርዳላችሁ፤ ተመልሳችሁ ሂሳቡን ታወጣላችሁ፤ ጽሑፉን ታርማላችሁ፤ የጉባኤውን ወንበር ሳይቀር ትደረድራላችሁ። ሥራውን ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚያይ ሰው ቶሎ ይበስላል።

ይህን ስንል ችግሩን ልንሸፍን አንወድም። የመጀመሪያው ችግር ደመወዝና ዕድገት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከረዳትነት እስከ ሥራ መሪነት ያለው መሰላል ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። የሥራው ውልም ብዙ ጊዜ ከጥናቱ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ጥናቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ታናናሾቹን የሚያስተምር፥ አባቱንና እናቱን የሚጦር ጓደኛችን ባንክ ቢመርጥ ልንወቅሰው አይገባንም።

ሁለተኛው ችግር የገንዘቡ ምንጭ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፥ የኢትዮጵያ ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ወስኖ ነበር፤ በመብትና በመሳሰለው ጉዳይ እንዲሠራ የተፈቀደለትም እንዲህ ያለው ብቻ ነበር። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ሕጉ ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። ባለጸጎቻችን ለሠርግና ለተዝካር እንጂ ለጥናት መስጠት አለመዱም፤ ስለዚህ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ገንዘቡን የሰጠው ጥያቄውንም ይመርጣል፤ ጥያቄውን የመረጠውም ግማሹን መልስ መረጠ ማለት ነው። ከዚያ ሲሸሹ ደግሞ መንግሥትን የሚያስደስት ጥናት ብቻ የመጻፍ ፈተና አለ። በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ መቆም የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ነው።

ስለዚህ ማንኛችንም ለእንዲህ ያለ ሥራ ስንቀርብ አራት ጥያቄ እንድንጠይቅ እንመክራለን። አንደኛ፥ ወጪውን የሚችለው ማነው? ሁለተኛ፥ ውጤቱ ባያስደስተው እንዳይታተም ሊያግድ ይችላልን? ሦስተኛ፥ የሠራነው ሥራ ስማችንን ይዞ ይወጣልን? አራተኛ፥ ስንሳሳት የሚያርመን፥ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አለን? ደመወዙ ከአራቱ ቀጥሎ ይጠየቅ። ሁለተኛውና አራተኛው መልካም መልስ ካላገኙ፥ ደመወዙ ምንም ቢበዛ ባይገባበት ይሻላል።

በእንዲህ ያለ ቤት የሰው ማዕርግ ሥራው ነው። ሳይመን ኩዝኔትስ በ1927 ከላይ ወደ ጠቀስነው የአሜሪካ ቢሮ የገባው ስደተኛ ወጣት ሳለ ነው። በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት በቀረበው ጥናቱ የአገሪቱ ገቢ ከ1929 እስከ 1932 ድረስ በግማሽ ያህል እንደ ወደቀ አሳየ። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን የአገር ገቢ ቁጥር ብቻውን የሕዝብን ደኅንነት እንደማይመሰክር አስጠነቀቀ። ሰውን ባለሙያ የሚያሰኘው የሠራው ነገር እስከ የት እንደሚደርስና ከየት ላይ እንደሚያቆም መናገሩ ነው። የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1971 ነው፤ ይህም ከገባ ከ44 ዓመት በኋላ መሆኑን ለችኩሎች እናስታውሳለን።

ከአገራችንም ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእህል ገበያ ደላሎች ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ደላላን ዋጋ አስወዳጅ ብሎ በሚረግምበት ጊዜ፥ እሳቸው ደላላው የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን በማገናኘት ምን ጥቅም እንዳለው መረመሩ። ከዓመታት በኋላ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ነገር ግን ጥናቱ የተነሣው ስለ እህል ሲሆን፥ በገበያው በብዛት የተሸጠው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። ጥናት ከወረቀት ወጥቶ ከሕግና ከነጋዴ ጋር ሲገናኝ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ አጥኚው ሥራውን አስረክቦ የሚሄድ ሳይሆን ተከታትሎ የሚቆጥር መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በቋንቋ ረገድ እናክላለን። ጥናቱ ስለ ገበሬው ነው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነበውም ሌላ አጥኚ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ሲተው፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እናቶቻችን ዘይቱ፥ መድኃኒቱና የታክሲው ዋጋ ምን ይሆናል ብለው ሲጠይቁን፥ ብዙዎቻችን የመለስንላቸው ከቡና ቤት ወሬ ያገኘነውን ነው። በዚያን ሰሞን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ግልጽ ሂሳብ ከመቶ ገጽ ጥናት ይበልጥ በጠቀመ ነበር። የነገር ሁሉ መጨረሻ ሕዝብ እንዲያውቅ ከሆነ፥ በሕዝብ ቋንቋ መጻፍ ከሙያው ውጭ የሆነ ትርፍ ሥራ ሳይሆን የሙያው ግማሽ ነው።

እንግዲህ እስክንመረቅ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ፥ ለማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ፈቃደኞች ሆነን በየሳምንቱ በአንድ ቀን በመርካቶ፥ በሾላና በሠፈራችን ገበያ የጤፍን፥ የሽንኩርትንና የዘይትን ዋጋ እየመዘገብን በዚህ ጋዜጣ እናውጣ። ሁለተኛ፥ በየዓመቱ በሰኔ የሚጸድቀውን የመንግሥት በጀት ተከፋፍለን አንብበን፥ ለትምህርት፥ ለመንገድና ለዕዳ ምን ያህል እንደ ተመደበ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ገጽ እናስረዳ። ሦስተኛ፥ ክቡራን መምህሮቻችን ሂሳቡን አይተው ስሕተታችንን በቀይ ቀለም እንዲያርሙልን እንለምናለን። ወጪው የደብተርና የታክሲ ብቻ ነው።

ይህን ለአንድ ዓመት ሳናቋርጥ ከሠራን፥ ትንሽ የጥናት ቤት የሚፈልገው ጠባይ በእጃችን ይኖራል። ወደ ባንክ የሚሄደውም፥ ወደ ሚኒስቴር የሚሄደውም ጓደኛችን ቁጥርን ጠርጥሮ የማንበብ ልማድ ይዞ ይሄዳል። በትንሹ ቤት የሚቀሩት ደግሞ ጥቂቶች ቢሆኑም ደጋፊና አንባቢ ያላቸው ጥቂቶች ይሆናሉ። መዝገቡን ለመጀመር የሚፈልግ ሁሉ ስብሰባው ሲያበቃ በጠረጴዛው ላይ ባለው ወረቀት ስሙን እንዲጽፍ እንጠይቃለን።