የሜልሮዝ ወይዛዝርት ዋንጫ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጸሐፊያችን ስለ ገቢ ማሰባሰብ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ አንድ የራግቢ ክለብ ልናገር አልኳቸው። ሳቁብኝ። አሁንም የምትስቁ አላችሁ፤ ሳቁ፣ ግን አስጨርሱኝ።

ራግቢ እንደ እንቁላል ሞላላ በሆነች ኳስ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣል ይፈቀዳል። በእጅ ወደ ፊት መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ማቀበል የሚቻለው ከጎን ወይም ከኋላ ለሚከተል ጓደኛ ብቻ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል።

በደቡብ ስኮትላንድ፣ ትዊድ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ ሜልሮዝ የምትባል ከተማ አለች። ከተማ አልኳት እንጂ ሕዝቧ 3,000 አይሞላም። የራግቢ ክለቧ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። አጀማመሩ ጠብ አለበት። ከጎረቤቷ ከጌላሺልስ ጋር በአንድ ቡድን ይጫወቱ ነበር፤ ሲጣሉ የሜልሮዝ ልጆች የጎሉን ቋሚዎች በሌሊት ነቅለው፣ ተሸክመው ወደ አገራቸው ገቡ ይባላል። ዕድር ለሁለት ሲከፈል ድንኳኑን ማን ይውሰድ ተብሎ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያየ በዚህ አይደነቅም።

ክለቡ ከ6 ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠረው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ኔድ ሄግ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሥራው ሥጋ ቤት ነው። ለምን የስፖርት ቀን አዘጋጅተን መግቢያ አናስከፍልም አለ። ሩጫ ይኖራል፣ ከሩጫው ጋር የራግቢ ውድድር ይኖራል። ችግሩ ሙሉ ጨዋታ ረጅም ነው፤ ብዙ ቡድን በአንድ ከሰዓት በኋላ አይስተናገድም። ስለዚህ 15ቱን ሰው ወደ 7 ቀነሱት፤ ጨዋታውንም ወደ 15 ደቂቃ አሳጠሩት። ልብ በሉልኝ፣ ማንም አዲስ ስፖርት ልፍጠር ብሎ አልተነሳም። የቸገራቸው ካዝናው ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1883፣ ቅዳሜ፣ ከአካባቢው ከተሞች ሰው በልዩ ባቡር ሳይቀር መጣ። ለፍጻሜ የደረሱት ሜልሮዝና ያው የፈረደበት ጌላሺልስ ነበሩ። እኩል ወጡና ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ። ሜልሮዝ ቀድሞ አስቆጠረና አሸንፈናል ብሎ ከሜዳ ወጣ። እነዚያ ሰዓቱ መች አለቀ ብለው ተሟገቱ፤ ሰሚ አላገኙም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጌላሺልስም የራሱን ውድድር አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ሃዊክ የተባለችው ከተማ ተከተለች።

የሰባት ሰው ራግቢ በዚህ መንገድ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ወንዶችም ሴቶችም ተወዳድረውበታል፤ ከሴቶቹ መካከል የጎረቤታችን የኬንያ ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ያን ዕለት ለአሸናፊው የተሰጠውን ዋንጫ ያበረከቱት የሜልሮዝ ሴቶች ናቸው። ስሙም የወይዛዝርት ዋንጫ ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሥጋ ሻጩ በስሙ ይጠራል፤ የሥጋ ቤቱ ጌታ ዴቪድ ሳንደርሰንም የዚያው ቡድን ተጫዋች ስለነበር በስሙ ይጠራል። ሴቶቹ ግን “የሜልሮዝ ወይዛዝርት” ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። ስንት ነበሩ? ከየትኛው ቤት ስንት ሽልንግ ተዋጣ? ይሄ እኔን ያንገበግበኛል። የእኛም ቃለ ጉባኤ “አባላት ባደረጉት መዋጮ” ብሎ የሚያልፋቸው ገጾች አሉት። እንጀራውን የጋገረችው፣ ወንበሩን የተሸከመችው ማን እንደሆነች ከ20 ዓመት በኋላ ማን ይነግረናል?

ሌላው ነገር ክፍያ ነው። ራግቢ ለረጅም ዘመን ተጫዋች አይከፈለውም የሚል ጥብቅ ሕግ ነበረው። በሰሜን እንግሊዝ የሚጫወቱት ግን የማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቅዳሜ ሲጫወቱ የቀን ደመወዛቸው ይቀራል። ክለቦቻቸው ደመወዝ አልጠየቁም፤ የቀረብን ይተካልን ነው ያሉት። እምቢ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃደርስፊልድ ላይ ከ20 በላይ ክለቦች ተሰብስበው የራሳቸውን ማህበር አቋቋሙ። እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ራግቢ አለ። ክልከላው የተነሳው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው። በእኔ አስተያየት በነጻ የመሥራትን ክብር አጥብቀው የሰበኩት፣ አንድ ቀን ቢቀሩ ምሳቸው የማይጎድልባቸው ሰዎች ነበሩ።

እኛ ዘንድ የኮሚቴ አባል የሆነች የጉሊት ነጋዴ ስብሰባ ስትውል ገበያዋ ያመልጣታል። የደመወዝተኛዋ አያመልጣትም። “ሁላችንም በነጻ እናገለግላለን” ስንል እኩል እየከፈልን አይደለም። ባለፈው የተነሳው የውሎ አበል ጥያቄ በዚህ ዓይን ይታይልኝ። ደጋፊዎቻችንም ይህን ወጪ በሪፖርታችን ላይ ስታዩ ብክነት አድርጋችሁ እንዳታዩብን እለምናለሁ።

አንድ ልጨምርና ልቀመጥ። የስኮትላንድ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1993 ነው፤ አየርላንድን 10 ለ 0 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በአምስተርዳም ሊካሄድ የነበረው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተሰረዘ። የስኮትላንድ ተጫዋቾች “እኛ እናዘጋጀዋለን” ብለው ተነሱ፤ የነበራቸው ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የራግቢ አካል ዕውቅና አልሰጣቸውም። ቢሆንም 12 ቡድን አሰለፉ። ስፔን ስትቀር ቦታዋን በራሳቸው ተማሪዎች ቡድን ሞሉት። ፍጻሜው ኤዲንብራ ላይ ተካሄደ፤ እንግሊዝ አሜሪካን 38 ለ 23 ረታች። ያዘጋጁትም የተጫወቱትም እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ቀን ሜዳ፣ ማታ ስልክና ወረቀት። ይህን ሥራ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ሦስት ሐሳብ ለውይይት አቀርባለሁ። የዘንድሮው ባዛራችን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለቅ፤ መግቢያ ይከፈልበት። ለኮሚቴ አባላት የውሎ አበል ይወሰን፤ ገንዘብ ያዧ ያሰላችው ሒሳብ ወንበራችሁ ላይ ባለው ወረቀት ጀርባ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በቃለ ጉባኤው ላይ መዋጮም ጉልበትም ያዋጣችው አባል በስሟ፣ ከነአባቷ ስም ትጻፍ። እጅ ከማውጣታችን በፊት ግን ቡናው እንዳይቀዘቅዝ።