መርፌ የሚፈራ ጎልማሳ፦ በክትባት ወቅት ሕመምን ያለ መድኃኒት ስለ መቀነስ



በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ያን ጊዜ የተሰጠው አስትራዜኒካ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መርፌ ያስመረረው ሰው ለሁለተኛው ላይመለስ ይችላል። በዋግ ኽምራ ደጋ መመለስ ማለት ደግሞ ያንኑ ዳገትና ቁልቁለት እንደገና መውጣትና መውረድ ነው።

ጎልማሳ ሰው መርፌ እንደሚፈራ አይናገርም፤ ነውር ይመስለዋል። «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ብሎ ይቀራል እንጂ። ፍርሃት ጡንቻን ያኮማትራል፤ በተኮማተረ ጡንቻ ላይ የሚገባ መርፌም ይበልጥ ያማል። ስለዚህ ተከታቢው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ጋቢውን ከትከሻው ያውርድ፤ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ክንዱን ያላላ። የተጠቀለለ ጠባብ እጅጌ ክንድን ስለሚያንቅ በዕለቱ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ ይበጃል። ሴቶች ትከሻቸውን ሳይሳቀቁ እንዲገልጡ መጋረጃ ሊኖር ይገባል፤ ነጠላም ቢሆን ለዚህ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፣ ጎልማሶች መርፌው ሲገባ ቀለል አድርገው እንዲስሉ ወይም ትንፋሻቸውን ለአፍታ እንዲይዙ ይላል፤ ይህ ሐሳብን ከመርፌው ላይ ያነሣል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ሰውን «ሳል» ማለት አይገባም። አፍና አፍንጫን በጭምብል እንደሸፈኑ ትንፋሽን መያዝ ይሻላል። ማየት የማይወድ ፊቱን ያዙር፤ ስለ ከብቱም ሆነ ስለ ዝናቡ ይጫወት።

ባለሙያውም «ምንም አያምምም» አይበል። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እምነት አብሮ ይጠፋል። «አሁን ልጀምር ነው» ማለት ይበቃል፤ ኽምጣንጋ ለሚናገር ሰው በኽምጣንጋ ቢነገረው ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። ቆዳው የተወለወለበት አልኮል ሳይደርቅ መውጋት ያቆጠቁጣል፤ መርፌው ከገባ በኋላም ደም መኖሩን ለማየት ወደ ኋላ መሳብ አያስፈልግም።

ከሕመሙ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ራስን መሳት ነው። ክትባቱ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። እህል ውኃ ሳይቀምስ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ጾመኛ፣ ከጾም መፍቻ ሰዓት በኋላ ቢከተብ ይመረጣል፤ ካልሆነም ተጋድሞ ይከተብ። ከዚህ ቀደም መርፌ ሲወጋ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይንገር፤ የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ እያጠበቀ መልቀቅም ይረዳዋል። ሁሉም ተከታቢ ለ15 ደቂቃ ሳይነሣ ይቆይ።

የተወጋው ቦታ አይታሽም፤ ቅቤም ቅጠልም አይደረግበትም። ክንዱ አንድ ሁለት ቀን ሊቆጠቁጥ ስለሚችል በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማኖርና ክንዱን ማንቀሳቀስ ያስታግሠዋል። መቅላቱ ወይም ሕመሙ ከአንድ ቀን በኋላ እየባሰ ከሄደ ግን፣ የሁለተኛው መርፌ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ የክትባት ካርድ ይዞ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።