የቡናን ተክል ከፍሬና ከቁራጭ በቤት ስለ ማራባት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቡና ዋጋ፥ ስለ ገበያውና ለሀገር ስለሚያስገኘው የውጭ ገንዘብ በየክፍሉ ስንማር ኖረናል። ዛሬ የምናገረው ግን ከዚህ ሁሉ ስለሚቀድም ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በገዛ እጁ፥ በቤቱ ደጃፍ አንድ የቡና ተክል እንዴት አድርጎ እንደሚያበቅል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከጅማ፥ ከከፋ፥ ከሲዳማ፥ ከወለጋ የመጣን ብዙዎች ሳለን፥ ስለ ተክል አበቃቀል ፈተና ጽፈን ያለፍንም ብዙዎች ሳለን፥ ዛሬ አንድ የቡና ዛፍ ከነባሕርይው ተክታችሁ አምጡ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን?

ቡናን ለማራባት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በፍሬ፥ ሁለተኛው በቁራጭ ነው። ሁለቱን የሚለየው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ከፍሬ የሚበቅለው የዛፉ ልጅ ነው፤ ከቁራጭ የሚበቅለው ግን ዛፉ ራሱ ነው። አረቢካ የሚባለው የሀገራችን ቡና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አበባ ዱቄት ስለሚፀንስ ልጁ እናቱን በብዙ ይመስላል። ቢሆንም ንብና ነፋስ ከጎረቤት ዛፍ የሚያመጡት ዱቄት አልፎ አልፎ ይገባበታልና ፍጹም አንድ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰው ቡና ለማራባት ሲነሣ አስቀድሞ ልጅ ወይስ እናቲቱን ራሷን እንደሚፈልግ መወሰን አለበት።

በመጀመሪያ ስለ ፍሬ ልናገር። ፍሬው ጤናማ ከሆነና ብዙ ከሚያፈራ ዛፍ፥ በሚገባ ቀልቶ ሳለ በእጅ ይለቀማል። መሬት የወደቀ ወይም በዛፉ ላይ የደረቀ ለዘር አይሆንም። የተለቀመው በጣት ተጨምቆ ቀይ ልጣጩ ከወጣ በኋላ የሚያዳልጠው ነገር እስኪለቅ ድረስ በውሃ ይታጠባል፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፍሬ ባዶ ነውና ይጣላል። በፍሬው ላይ የሚቀረው ደረቅና ስስ ሽፋን ዘሩን ስለሚጠብቀው አይነካም። ከዚህ በኋላ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይጠፈፋል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

የቡና ዘር እንደ ስንዴ ወይም እንደ ባቄላ በጎተራ ቆይቶ የሚበቅል አይደለም። ጥቂት ወራት ባለፉ ቁጥር የመብቀል ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ከገበያ የሚገዛው ጥሬ ቡና ብዙ ጊዜ ተዘርቶ የሚቀረውም ስለዚህ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተለቀመውን ሳይዘገዩ መዝራት ይሻላል።

ለመዝሪያ የሚሆነው አፈር ከጫካ የመጣ ጥቁር አፈር፥ ጥቂት አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለበት ነው። ዘሩ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። በላዩ ሣር ይለብሳል፤ ጥላ ይደረግለታል፤ አፈሩ ሳይደርቅና ሳይጨቀይ ይጠጣል። በሞቃት ቦታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ግን የበለጠ ስለሚዘገይ፥ ሞተ ብሎ አፈሩን መቆፈር አያስፈልግም።

አበቃቀሉም የሚያስደስት ነው። ግንዱ ፍሬውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ስለሚወጣ ራሱ ያበጠ የክብሪት እንጨት ይመስላል። ቀጥሎ ሁለቱ ክብ ቅጠሎች ሲዘረጉ ቢራቢሮ ያረፈበት ይመስላል። ወደ ሌላ ዕቃ ወይም ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ለማዛወር የሚስማማው ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ሥር እንዳይታጠፍ እጅግ መጠንቀቅ ይገባል። ሥሩ የታጠፈ ችግኝ ለጊዜው ደህና ቢመስልም፥ ካደገ በኋላ ድርቅ ሲመጣ መቋቋም ያቅተዋል። ችግኙ 6 ጥንድ ያህል ቅጠል ሲያወጣና ክረምቱ ሲገባ በዋንዛ፥ በብርብራ ወይም በሳሳ ጥላ ሥር ይተከላል። ያላደገው ለከርሞ ይቆያል። የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት 3 ወይም 4 ዓመት መታገሥ ያሻል።

አሁን ደግሞ ወደ ቁራጩ እንለፍ። በቡና ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት አበቃቀል አለ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፥ ሌላው ወደ ጎን ይዘረጋል። ብዙ ሰው ለእጁ የቀረበውን የጎን ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክላል። ይህ ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ጎን ሆኖ የተወለደ ጎን ሆኖ ይኖራልና መሬት ለመሬት ይንሰራፋል እንጂ ቀጥ ያለ ዛፍ አይሆንም። ስለዚህ መቁረጥ የሚገባው ወደ ላይ ከሚወጣው ቡቃያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቡቃያ በበቂ ካልተገኘ ግንዱን ጎንበስ አድርጎ በገመድ ማሰር ወይም ገበሬዎች ጉንደላ በሚሉት አሠራር ግንዱን ከታች መቁረጥ ብዙ ያስወጣል።

ገና አረንጓዴ የሆነው፥ ነገር ግን እንደ ጫፉ ለጋ ያልሆነው የቡቃያው ክፍል ይመረጣል። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ይገኛሉ። አንድ አንጓ ለአንድ ቁራጭ ይበቃል፤ ከአንጓው በታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ግንድ ይተውና በሰያፍ ይቆረጣል። ቅጠሎቹ ውሃ እንዳያባክኑ እኩሌታቸው ይቆረጣል። ቢላዋው በእሳት ይጽዳ፤ ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በቁስል በኩል ስለሚገባ ያልጸዳ ቢላዋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያደርሰዋል። መጠውለግ ከጀመረ ዛፍም ከቶ አይቆረጥም፤ ቁራጭ የእናቱን መልካምነት እንደሚወርስ ሁሉ በሽታዋንም ይዞ ይመጣልና።

ቁራጩ በታጠበ አሸዋና በጫካ አፈር ድብልቅ ላይ ይተከላል። ሥር የለውምና አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ ሊሆንለት ይገባል። ለዚህም ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ የለበሰ ሣጥን፥ በቤት ደግሞ ቂጡ ተቆርጦ የተደፋ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ አይንካው። ሥር እስኪሰድ 3 ወር ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም ሽፋኑን ባንድ ጊዜ ሳይገፉ ቀስ በቀስ ከደረቁ አየር ጋር ማለማመድ ነው።

ጓደኞቼ፥ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ጊዜ ለማሳለፊያ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም ተወሰደ፤ በ1714 ከዚሁ ዘር አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በአሜሪካ ምድር ከተስፋፋው ቡና ብዙው የእንዲህ ያሉ ጥቂት ዛፎች ዘር ነው። ዘመዳሞች ብቻ የሆኑበት እርሻ አንዱን ያጠቃ በሽታ ሁሉን ያጠቃዋል። በስሪ ላንካ በ1869 የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ አጥፍቶ ገበሬው ወደ ሻይ እንዲዞር አድርጓል።

በእኛም ሀገር በ1971 ፍሬውን በእንጭጩ የሚያጠቁረው በሽታ ታየ። መድኃኒቱ ከየት ተገኘ? ከራሳችን ጫካና ከገበሬው ጓሮ ነው! ባለሙያዎች በታመሙት መካከል ሳይታመሙ የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰበሰቡ። ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ የተገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከነዚህ ናቸው፤ የቁጥራቸው መነሻም የተመረጡበት 1974 ነው። ልጆቻቸው እናቶቻቸውን ስለመሰሉ ፍሬያቸው እየተዘራ ለገበሬው ደረሰ። በአንጻሩ አባቡና የሚባለው ከሁለት ወላጆች የተዳቀለ ስለሆነ ፍሬው ቢዘራ ልጆቹ ይለያያሉ፤ እርሱን እንዳለ ለማራባት ቁራጭ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍሬ ልዩነትን ያቆይልናል፥ ቁራጭ ደግሞ የተመረጠውን ይጠብቅልናል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ይህ የእርሻ ተማሪ ወይም የገበሬ ሥራ ነው፤ ሕግ ለሚማር ምኑ ነው?» ይሉ ይሆናል። ያ ከሕመም የተረፈ ዛፍ ግን የሚገኘው በየአንዳንዳችን ቤተ ሰብ ጓሮ ነው። የትኛው ዛፍ በክፉ ዓመት እንዳፈራ፥ የትኛው እንዳልታመመ የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱም ዘሩም አብሮ ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ሦስት ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። በመጀመሪያ ሽማግሌዎችን ጠይቀን የዛፉን ታሪክ እንጻፍ። ሁለተኛ፥ ዛፉ ጤናማ ከሆነ ከቀጥተኛው ቡቃያው ጥቂት ቁራጭ ወስደን እዚያው ቤታችን እንትከል። ሦስተኛ፥ ፍሬው በሚቀላበት ጊዜ ለዘር የሚሆን አንድ እፍኝ እንዲያስቀሩልን አደራ እንበል። በከተማ የሚቀር ሰው በመስኮቱ አጠገብ በጣሳ ሊጀምር ይችላል፤ የታኅሣሥን የሌሊት ብርድ ብቻ ይከላከልለት። ከዛፉ ብዙ ፍሬ ባያገኝ እንኳ እጁ ሥራውን ይማራል።