ስለ ማስታወቂያ ፊደልና በመካከሉ ስለሚቀረው ነጭ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ጥቂት እናገራለሁ። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። በነቀምቴ ግን ትንሽ አይደለም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት፣ የግዕዙ ፊደልና ቁቤው፣ አብረው ይቆማሉና።

ከከተማችን ስም እንነሣ። «ነቀምቴ» ተብሎ ሲጻፍ የመጨረሻዋ ፊደል ከእግሯ ሥር አንዲት ቀለበት አላት። የዚያች ቀለበት ውስጥ በቀለም ከተደፈነ «ቴ» መሆኗ ቀርቶ «ቲ» ትመስላለች። ሁለቱን የሚለያቸው ያቺው የምስር ፍሬ የማታክል ነጭ ናት። በስቴንስል ተጽፎ በማባዣ መኪና የሚታተም ወረቀትም አስቀድሞ የሚደፍነው እርሷን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቀለበቷን ከልማዷ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መክፈት አለበት።

ፊደሎቻችን ነጩን የሚይዙበት መንገድ አንድ አይደለም። ሀና ሠ አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ፤ በ፣ ለ፣ ጠ ደግሞ ወደ ታች። መ፣ ወ፣ ዐ ነጩን በሆዳቸው ውስጥ ይዘጉበታል። ተ በክንዶቿ ሥር ግራና ቀኝ ብዙ ነጭ ትተዋለች። እንግዲህ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ እኩል ቢለካ ስንኳ ለዓይን እኩል አይሆንም። መድኃኒቱ ወረቀቱን ገልብጦ ማየት ነው፤ ቃሉ መነበቡ ይቀርና ቅርጹ ብቻ ይታያል፤ የተጣበበውና የላላውም ወዲያው ይለያል።

የጥንት ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። እኛ ነጥቡን ትተን ሥራውን ለነጩ ሰጠነው። መስመር ለመሙላት ብለን ፊደሎቹን ስናራርቃቸው ቃሉ የሚበታተነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «ነቀምቴ» በፊደል አራት ነው፤ በቁቤ ስምንት ይሆናል። «ደምቢ ዶሎ» አምስት ነው፤ በቁቤ አሥራ ሁለት ይሆናል። ቁቤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋልና፤ የጠበቀውንና የረዘመውንም ድምፅ ይደግማል። ማስታወቂያ ጸሐፊ ሁለቱን መስመሮች በወርድ እኩል ላድርግ ሲል ቁቤው ይቀጥናል ወይም ፊደሉ ያብጣል። ተመልካቹም አንዱን ቋንቋ ባለቤት፣ ሌላውን እንግዳ አድርጎ ያያል።

ይህ ለወለጋ የውበት ነገር ብቻ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በክሪሾና ሲታተም የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚሁ ፊደል አስተምሯል። ቁቤ በይፋ ሥራ የያዘው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ አያት በፊደል ብቻ፣ የልጅ ልጅ በቁቤ ብቻ የሚያነቡበት ቤት ሊኖር ይችላል። የክትባት ቀን የሚነግር ማስታወቂያ አንዱን መስመር አኮስሶ ከጻፈ፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ ሳያነበው ያልፋል።

እንደ እኔ አሳብ ወርዱን ማስተካከል ይቅር። ቁመቱና የብዕሩ ውፍረት ይመጣጠን፤ ሁለቱም መስመሮች ከግራ ከአንድ ኅዳግ ይነሡ፤ በቀኝ በኩል የሚያጥረው ይጠር። በፊደሉ መስመር መጨረሻ የሚተርፈውን ነጭም ዝም ብለን እንተወው። ባዶ ቦታ ያየ ሠዓሊ አበባ ካልጨመረበት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይህን ልማድ ለሠርግ ጥሪ እናቆየው።

ለሚመጣው ስብሰባችን ማስታወቂያውን በሁለት ዓይነት ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንሰቅላለን፤ አንዱ በወርድ የተስተካከለ፣ ሁለተኛው አሁን እንዳልሁት የተጻፈ። በአሥር እርምጃ ርቀት ቆማችሁ ተመልከቱና በየትኛው ላይ ሁለቱም መስመሮች እንደ ተነበቡላችሁ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩልን።