ለበረዶ የሚዘጋ፣ ለፀሐይ የሚከፈት ጋቢና
በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጋራዥና በብየዳ ሙያተኞች ስም የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሙያችን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ሲጠይቁን፣ ከሥራችን ሁሉ የትራክተር ጋቢናን መረጥን። ምክንያቱም ከካርቱም ተነሥተው ካናዳና ኖርዌይ የገቡ ልጆቻችን የሚልኩልንን ፎቶግራፍ እናያለን። ትንሿን የጓሮ ትራክተር በቱቦ ብረት፣ በሸራና በሚያሳይ ፕላስቲክ ዙሪያዋን ዘግተው፣ ከፊቷ የብረት ምላጭ አስረው ከደጃቸው በረዶ ይጠርጉባታል። በካርቱም በረዶ የለም፤ አሸዋ ግን አለ። ሐቡብ ባለፈ ማግሥት ከግቢ በር ላይ የሚጠረገው አሸዋ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የእኛና የትራክተር ትውውቅ ከካርቱም ይቀድማል። በንጉሡ ዘመን በሁመራ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር የነዱ አባቶች በመካከላችን ነበሩ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ትራክተራቸውን ይዘው የተሻገሩም ነበሩ። ገዳሪፍ ከእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ አገር ስለነበር ሥራ አላጡም። ወደ ካርቱም የዘለቁት ደግሞ ሁላችንም ሲናዒያ በምንለው የኢንዱስትሪ ክልል፣ ከሱዳናውያን ሐዳዶች ጎን ቆመው መበየድ ጀመሩ። ብረቱ ከሰጃና ገበያ ይመጣ ነበር፤ ትራክተሩ ከጀሪፍና ከሶባ የወንዝ ዳር እርሻዎች፣ አንዳንዴም ከገዳሪፍ። ማሲ ፈርጉሰኑም ሌላውም አብዛኛው ጋቢና አልነበረውም። ሾፌሩ በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል።

እንግዲህ ጥላ መሥራት ቀላል ይመስላል። አንድ ላሜራ ብቻ ከራስ በላይ ከተተከለ ግን ሾፌሩ የጋለ ምጣድ ሥር ተቀመጠ ማለት ነው። ፀሐይ ላሜራውን ታግላለች፣ ላሜራው ደግሞ ሰውየውን። መፍትሔው በአሮጌው ላንድሮቨር ላይ ለሞቃት አገር ተብሎ የተሠራው ድርብ ጣሪያ ነው፤ ሁለት ላሜራ፣ በመካከላቸው አራት ጣት ያህል ክፍተት፣ ፊትና ኋላው ለነፋስ ክፍት። የላይኛው ነጭ ይቀባል። የላይኛው ይግላል፣ ነፋስ ሙቀቱን ይወስደዋል፣ የታችኛው ቀዝቀዝ ይላል።

ሁለተኛው ጠላት ከፊት ነው የሚመጣው። የትራክተር ቬንቲሌተር አየር በራዲያተር በኩል ስቦ ወደ ኋላ፣ ወደ ሾፌሩ እግር ይነፋዋል። በብርድ አገር ያሉት ይህን ሙቀት እንደ ሀብት ያዩታል። የሞተሩን ግራና ቀኝ በሸራ ሸፍነው ትኩሱ አየር ወደ ጋቢናው እንዲገባ ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ከሾፌሩ ጉልበት ፊት ዘንበል ያለ ላሜራ አቁመን ወደ ጎን እናባርረዋለን። በብርድ አገር ላላችሁት ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ጋቢናው ሲዘጋ የጭስ ማውጫው ጫፍ ከጣሪያው በላይ ወይም ከጋቢናው ርቆ መውጣት አለበት፤ የማርሚታው መጋጠሚያ የሚያፈስ ከሆነም ሸራው ከመዘጋቱ በፊት ይጠገን። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም። ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል።

ለሐቡብ የምንሠራው ሸራ እንደ መጋረጃ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር የሚታሰር ነው። አቧራው እንደ ግድግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ሥራ ይቆማል። አንዳንዱ ደንበኛ በመስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ እንድናንጠለጥልለት ይጠይቃል፤ እንደ ቤታችን የውሃ ሙከይፍ መሆኑ ነው። በደረቁ ወራት ይሠራል። በኸሪፍ፣ አየሩ ራሱ ርጥብ ሲሆን፣ ጆንያው ሽታ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም። አቧራ የጠጣ ራዲያተር ደግሞ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እንጂ ከፊት አይነፋም፤ ከፊት ከተነፋ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ በተለይ ልጆቻችሁ ሾፌር የሆኑላችሁ ቤተሰቦች ብታዳምጡን ደስ ይለናል። ጥላ ከፀሐይ ያድናል እንጂ ከመገልበጥ አያድንም። ከሾፌሩ ጀርባ ከፋብሪካ የሚመጣው ወፍራም የብረት ቅስት ግን ትራክተሩ ሲገለበጥ ክብደቱን ተሸክሞ ለሰውየው ቦታ የሚያስቀር ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለአዲስ ትራክተሮች ሁሉ ይህን ቅስት በሕግ ግዴታ አድርጋለች፤ በዚያ አገር በመገልበጥ የሚሞተው ሰውም በእጅጉ ቀንሷል። በእኛ ዘንድ ግን ጥላ ለመትከል ሲባል ቅስቱ ላይ የሚበይድ፣ በመሰርሰሪያ የሚበሳ፣ ወይም መንገድ ዘጋ ብሎ የሚቆርጠው ባለሙያ አለ። ብየዳው ብረቱን ያደክማል፤ በሚያስፈልገው ቀን ይሰበራል። ጥላው ቅስቱን አቅፎ በሚይዝ ቡሎን ይታሰር፣ ብረቱ አይነካ። ቅስት ያለው ትራክተር ላይ ቀበቶ ይታሰራል፤ ጥላ ብቻ ባለው ላይ አይታሰርም፣ ምክንያቱም ሰውየውን ከሚወድቀው ብረት ጋር ያስረዋል። በኸሪፍ ዋልካ ጭቃ ውስጥ የተያዘ ተሳቢ ሲጎተትም ሰንሰለቱ ከታች፣ ከመጎተቻው ብረት ላይ ይታሰር። ከኋላው ጎማ መካከል ከፍ ብሎ ከታሰረ የፊቱ ጎማ ይነሣል፣ ትራክተሩም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከሁለት ሰከንድ በላይ አይፈጅም፤ ሾፌሩ ለመዝለል ጊዜ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ወር ጦርነቱ ሲነሣ የካርቱም ሰሜን የኢንዱስትሪ ክልል ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ብዙዎቻችን በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ተሻገርን፤ መበየጃ ማሽን ተሸክሞ መሻገር ደግሞ አይቻልም። የተረፈን በጭንቅላታችን ያለው ልክ ነው፦ የክፍተቱ ስፋት፣ የላሜራው ውፍረት፣ የቡሎኑ ቁጥር። ይህንን ለመጽሐፍ አንበቃም፤ በየቤታችሁ ያሉ ሽማግሌ በያጆችን ጠይቃችሁ በደብተር ላይ ብትጽፉት ግን በመተማም በቶሮንቶም ለሚሠራ ልጅ ያገለግላል።

የጣሪያውን ልክ ለሚፈልግ ሰው፣ በእኛ ማሲ ፈርጉሰኖች ላይ ሾፌሩ ቁጭ ብሎ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ የሚነካውን ከፍታ እንወስድ ነበር፤ ከዚያ ዝቅ ካለ በጉድጓድ መንገድ ራሱን ይመታል፣ ከፍ ካለም የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ከጎን ይገባበታል።